ትንሽ አሳማ እንደ ቤት እንስሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው በእንስሳት ጤና ነው። አብዛኛው ቀኔ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች ያልፋል። ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ፣ ከቡራዩ እስከ ሰበታ፣ ሥራዬ ከላምና ከውሻ ጋር ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ በስልክ መምጣት ጀምሯል። ሰው ቲክቶክ ላይ ጫማ የምታክል አሳማ ሶፋ ላይ ተኝታ ያያል። ከዚያ ይደውላል። «ዶክተር፣ ይቺ ነገር እኛ አገር ትገኛለች? ግቢዬ ውስጥ ላሳድጋት እችላለሁ?»

ለእያንዳንዱ ለብቻው ከመመለስ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ባትገዙ እመርጣለሁ። ምክንያቴን አንብቡና እናንተው ፍረዱ።

ሳያድግ ትንሽ እንደሆነ የሚቀር አሳማ አለ?

የለም። «ሚኒ» የሚለው ስም የተሰጠው ከእርባታ አሳማ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ያ ነጩ የእርባታ አሳማ ሙሉ ሰውነት ሲያወጣ ከ200 ኪሎ ያልፋል። ከእሱ ጎን ሲቆም 70 ኪሎ የሚመዝን አሳማ በእርግጥ ትንሽ ነው። ለሳሎን ግን ትንሽ አይደለም።

ሆዷ መሬት ሊነካ የሚደርሰው የቬትናም አሳማ፣ «ፖት ቤሊ» የሚሏት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ካናዳ ገባች። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግራ የቤት እንስሳ ሆነች። ሙሉ ሰውነት ስታወጣ ከ45 እስከ 70 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትመዝናለች። የጀርመኗ ጎቲንገን ከትንንሾቹም ትንሽ ከሚባሉት ናት። እሷም ወደ 40 ኪሎ ትደርሳለች። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። እሱን ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል።

በፎቶ በሻይ ኩባያ ተቀምጣ የምትታየዋስ? ኩባያው ውስጥ የገባችው ገና ሕፃን ስለሆነች ነው። አሳማ እስከ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመቷ ድረስ ማደጓን አታቆምም።

እናትና አባቷን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትንንሾች ናቸው። ይሄ አይበቃም?

ዕድሜያቸውን ጠይቃችኋል? የእነዚህ ዝርያዎች ግልገል ከሦስት ወሯ ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች። እናት ተብላ የታየቻችሁ ራሷ ገና ልጅ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። በውጭ አገር ገዢ የሚታለለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ሻጩ «ወላጆቹ እነዚህ ናቸው» ሲል አይዋሽም። ዕድሜያቸውን ግን አይናገርም።

ታዲያ ትንሽ የሚያደርጓቸው እንዴት ነው? ጥፋቱስ ምኑ ላይ ነው?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ትንሽ አሳማ መጀመሪያ የተፈለገው ለሳሎን አልነበረም፤ ለላብራቶሪ ነው። የጎቲንገኗን አሳማ በጀርመን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው ያዳቀሏት። ያዳቀሏትም ሚኒሶታ ከምትባለው የአሜሪካ ትንሽ አሳማ፣ ከቬትናሟና ከጀርመን ነጭ አሳማ ነው። የአሳማ የውስጥ አካል ከሰው ጋር ስለሚቀራረብ ለመድኃኒት ሙከራ ትፈለጋለች። ትንሽ ስትሆን ደግሞ ቦታም መድኃኒትም ትቆጥባለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የቻይናው የዘረመል ተቋም ቢ.ጂ.አይ. ከዚህ አልፎ ሄደ። የእድገት ሆርሞንን የሚቀበለውን ዘረመል በማጥፋት ወደ 15 ኪሎ ብቻ የሚደርሱ አሳማዎች አወጣ። ለሙከራ ያዘጋጃቸውን እነዚህኑ አሳማዎች በ10,000 ዩዋን ለቤት እንስሳነት እሸጣለሁ ብሎ አስታወቀ። በኋላ ሐሳቡን ተወው።

ላብራቶሪ የሌለው አርቢ ያለው አማራጭ ሌላ ነው። ከእናቲቱ ልጆች ቀጫጫዋን ይመርጥና ከቀጫጫው ወንድሟ ጋር ያገናኛታል። የእነሱንም ልጆች እንደዚያው ያደርጋል። ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ የተደበቀው ሕመም ሁሉ ይወጣል። ሰውነት ያንሳል፤ የመንጋጋ፣ የመገጣጠሚያና የእግር ችግር ግን ይበዛል። ሁለተኛው መንገድ ገና ያልጠናችን እንስሳ ማስረገዝ ነው። ዳሌዋ ሳይሰፋ ስለምትወልድ ምጡ ይከብዳታል። ሦስተኛው መንገድ ማስራብ ነው።

ሕሊናዬ የማይቀበለው ይህንን ነው። ላምን የምናዳቅለው ወተቷን ፈልገን ነው። እሱም የራሱ ጥያቄ አለው፤ ግን ቢያንስ ላሟ ጤነኛ ካልሆነች ወተት የለም። እዚህ ግን የሚሸጠው ራሱ የእድገት ጉድለቱ ነው። እንስሳዋ በተጎዳች ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል።

ምግብ ቀነስ ባደርግላት ትንሽ ሆና አትቀርም?

ያየሁትን ልንገራችሁ።

ክረምት ላይ ለገጣፎ አካባቢ ወዳለ አንድ ግቢ ተጠራሁ። አባት ለልጁ ልደት «ከ12 ኪሎ አታልፍም» የተባለች ግልገል ገዝቶ ነበር። ግልገሏ ሚኒም ምንም አልነበረችም። ከእርባታ የወጣች ተራ ነጭ አሳማ ናት፤ የተሸጠችው ጡት ሳትጥል ነው። ስደርስ 11 ወሯ ነው። ሻጩ «በቀን አንድ ጣሳ ፉርሽካ ብቻ ስጧት፣ ከዚያ ካለፈ ታድጋለች» ብሏቸዋል። እነሱም ቃሉን ጠብቀዋል። አልጨከኑባትም፤ የተባሉትን ነው ያደረጉት።

በሜትር ለካኋት። የደረቷ ዙሪያ 98 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቷ 102። ሲሰላ 68 ኪሎ ነው። ጀርባዋ ላይ አጥንቷ በእጅ ይቆጠራል። አጥንቱ ሳይጠብቃት አድጓል፤ ሥጋው ግን አልደረሰበትም። የማደሪያዋን የጭቃ ግድግዳ እስከ ጉልበቴ ድረስ በልታዋለች። ገለባው ለምርጊት ከጭቃው ጋር የተቦካ ስለሆነ እሱን ነው ስትፈልግ የከረመችው። ጣሳው ሲንቀጠቀጥ ስትሰማ በፊት ጉልበቷ ተንበረከከችና አፍንጫዋን በበሩ ሥር አስገባች። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ምግብ መቀነስ አሳማን ትንሽ አያደርጋትም። የተራበች ትልቅ አሳማ ነው የሚያደርጋት። የተራበች አሳማ ደግሞ ትናከሳለች።

ሱሉልታ ላይ ሰፊ ግቢ አለኝ። ለእሷ ገነት አይሆንላትም?

ስፋቱ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አሳማ ቀኑን ሙሉ መሬት በአፍንጫዋ መቆፈር አለባት። ተፈጥሮዋ ነው። ሣሩ፣ የጓሮ ጎመኑ፣ የተተከለው ጽጌረዳ በአንድ ሳምንት ይገለበጣል። እንዳትቆፍር አፍንጫዋ ላይ ሽቦ የሚያስገቡ አሉ። እባካችሁ እሱን እንዳታስቡት።

ላብ የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፀሐይ ሲበረታ የምትበርደው በጭቃ ነው። በእኛ ከፍታ ያለው ፀሐይ የነጭ አሳማን ቆዳ ያቃጥላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሱሉልታ ውርጭ አለ። የተወለደ ግልገል ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ጥላም ጭቃም ደረቅ የገለባ መኝታም ያስፈልጋታል ማለት ነው። ማታ ጅብ ለሚመላለስበት ሰፈር ደግሞ በቆርቆሮ አጥር ላይ መተማመን አይቻልም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መሰልቸቷ ነው። አሳማ ብልህ ናት። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ለአሳማዎች መስታወት ሰጧቸው። መስታወቱን ከለመዱት ስምንት አሳማዎች ሰባቱ ምግቡን በመስታወት አይተው ወደ መስታወቱ አልሄዱም፤ ዞረው ከግርዶሹ ጀርባ አገኙት። እንዲህ የምታስብን እንስሳ 15 ወይም 20 ዓመት በአንድ የሲሚንቶ ጥግ ማቆየት ምን እንደሚባል አስቡት።

አንድ ብቻ ብይዝስ?

አይሆንም። አሳማ ያለ አሳማ አትኖርም። ስትተኛ እንኳ ጎን ለጎን ተጠጋግታ ነው። ከያዛችሁ ቢያንስ ሁለት ነው።

ሃይማኖቴ አሳማ ማሳደግ ይከለክለኛል?

ይህን የምትጠይቁት የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼካችሁን ነው። እኔ የምችለው የተጻፈውን ማስታወስ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የእርያን ሥጋ መብላትንና በድኑን መንካትን ይከለክላል። ቁርኣንም ሥጋውን እርም ያደርጋል። ከዚያ የሚቀረውን ትርጓሜ ለሚያውቁት እተዋለሁ።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አሳማዋን ማን ነው የሚያበላት? ማን ነው በረቷን የሚጠርገው? ስልክ ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ጠዋት ለሥራ ወጥተው ማታ የሚገቡ ናቸው። ሥራው የሚወድቀው በቤት ሠራተኛዋ ወይም በዘበኛው ላይ ነው።

ለገጣፎ ያየኋቸው ዘበኛ አዛውንት ናቸው። ጣሳውን የያዙት በጨርቅ ነው። ለብቻችን ስንሆን «ልጄ፣ እንስሳዋ ምን አጠፋች? ፈጣሪ ነው የፈጠራት» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ማታ ቤታቸው ሲደርሱ ልብሳቸውን በር ላይ ሳያወልቁ የልጅ ልጃቸውን እንደማያቅፉ ነገሩኝ። ለአሠሪያቸው አልነገሩም። ሲቀጠሩ ውሻና አበባ ነው የተባሉት። እምቢ ቢሉ እንጀራቸው ይቋረጣል። እኔ ይህንን ከእንስሳዋ ረሃብ ለይቼ አላየውም። አንዱ ሰው ለጨዋታው የፈለገውን ሸክም ሌላው በዝምታ እንዲሸከመው ሆኗል።

ጎረቤትም አለ። አንድ የውሃ መውረጃ፣ አንድ አጥር፣ አንድ ዕድር ነው ያላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። «ግቢው የራሴ ነው» ማለት መብት ነው። ሽታው ግን አጥር አያግደውም።

የቤት ትራፊ ብሰጣት ወጪዬ አይቀንስም?

ትራፊው ውስጥ ሁለት ነገሮች ያስፈሩኛል።

አንደኛው ጨው ነው። የወጥ ፍርፋሪና እንጀራ የበላች አሳማ ብዙ ውሃ ትፈልጋለች። በእኛ ሰፈሮች ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው። ቧንቧው ለሁለት ቀን ሲጠፋ ሰው ከጀሪካን ይጠጣል፤ የእሷ ገንዳ ግን ይደርቃል። ያኔ ጨው አንጎሏን ይጎዳዋል። ግድግዳ ላይ ግንባሯን ትደግፋለች፣ በአንድ ቦታ ትዞራለች፣ ከዚያ ትንቀጠቀጣለች። ውሃው ሲመጣ እንደልቧ እንድትጠጣ መልቀቅ ደግሞ ይብሳል። በትንሽ በትንሹ እየሰጣችሁ ሐኪም ጥሩ። እነዚህን እንስሳት ለመያዝ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሮቶውን ያስብ።

ሁለተኛው በትራፊ የሚጓዝ በሽታ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2001ዱ የአፍተግር ወረርሽኝ ወዲህ አንዲት የቤት አሳማ ያለው ሰው እንኳ ከወጥ ቤቱ የወጣ ምግብ እንዲሰጣት ሕጉ አይፈቅድም።

ስለ በሽታው ግልጽ አድርጉልን። ወደ ሰው ይተላለፋል?

የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የሚባለው ወደ ሰው አይተላለፍም። አሳማን ግን ይጨርሳል። ሕክምና የለውም። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መኖሩ በላብራቶሪ ተረጋግጧል። ቫይረሱ በአሳማ ሥጋ ትራፊ፣ በጫማና በልብስ ይጓዛል። እናንተ ለጨዋታ የያዛችኋት አንዲት አሳማ ቢሾፍቱ አካባቢ ኑሮውን በእርባታ የመሠረተ ሰው ላይ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። እሱም በጎብኚ ጫማ የእናንተዋን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ለሰው የሚያሰጋው የአሳማ ኮሶ ነው። በጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣውን ኮሶ ሁላችን እናውቃለን፤ ይሄ ሌላ ነው። የዚህኛው እንቁላል በሰው ሆድ ከገባ ትሉ አንጎል ድረስ ሄዶ የሚጥል በሽታ ሊያስከትል ይችላል። አሳማዋ የሚይዛት ከሰው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ ክፍት መጸዳጃ ባለበት ሰፈር አሳማ መልቀቅ ትልቅ ጥፋት ነው።

አርብቼ ብሸጥ ያዋጣኛል?

ገንዘቡን አላሰላላችሁም። ኃላፊነቱን ግን አብረን እናስላ። አሳማ የምታረግዘው 114 ቀን ነው። የእርባታ ሰዎች «ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን» ይሉታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ወልዳ በእያንዳንዱ ስድስት ግልገል ብታደርስ 12 ናቸው። እያንዳንዱ 15 ዓመት ቢኖር፣ በአንድ ዓመት ሥራችሁ ለ180 የእንስሳ ዓመታት ኃላፊ ሆናችሁ ማለት ነው። 12 ቤት ታውቃላችሁ? እስከ መጨረሻው የሚያሳድግ? እኔ በዚህ ሁሉ ሰፈር ስዞር አንድም አላገኘሁም።

ከውጭ ላስመጣ የሚልም አለ። ሕይወት ያለው እንስሳ ለማስገባት ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ማውጣትና የጤና የምስክር ወረቀት ማቅረብ ያስፈልጋል። በሻንጣ የመጣ ግልገል አክሙልኝ የሚለኝ ሰው ካለ ለባለሥልጣኑ አሳውቃለሁ።

ሲያድግብኝ ለሌላ ሰው ብሰጠውስ?

ለማን? ውሻ ሲያረጅ ጎረቤት ይቀበላል። ካልሆነም ውሻ መንገድ ላይ ይኖራል፤ አይመከርም እንጂ። አሳማ ግን እኛ ሰፈር ሁለተኛ ቤት የላትም። ጎረቤት አይቀበላትም። አውጥቶ መልቀቅ ለጅብ መስጠት ነው። የሚቀረው አደልቦ የሚሸጥ እርባታ ብቻ ነው።

የለገጣፎዋ እዚያ ነው የሄደችው። በአይሱዙ ጫኗት። ስሟን ሲጠሯት ለብቻዋ ተራምዳ ወጣች። ለልጅቷ «ዘመዶቿ ጋ ሄደች» ተባለ። እኔም እውነቱን እንዳልነግራት አባትየው በዓይኑ ለመነኝ። ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ ልክ አልነበርኩም ብዬ አስባለሁ።

ለሥጋ ከምትታረድ የቤት እንስሳ ብትሆን አይሻላትም?

ይህን የሚጠይቁኝ ልባቸው የራራ ሰዎች ናቸው። በእርባታ ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ደህና ነው አልልም። ከገዛኋት የምትታረደው ትተርፋለች የሚለው ግን አይሠራም። ሻጩ በምትኳ ሌላ ያስረግዛል። ከእርባታ አንዷን አውጥቶ፣ 200 ኪሎ እንደምትሆን አውቆ፣ ቦታውንና ጓደኛዋን አዘጋጅቶ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ሊያኖራት የሚፈልግ ሰው ካለ አከብረዋለሁ። በነፃም እረዳዋለሁ። ይሄ ግን ትንሽ አሳማ ከመፈለግ ጋር አይገናኝም።

ቀድሜ ገዝቻለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

አትደናገጡ፣ አትደብቋትም። በማስራብ የተጀመረ ካለ ዛሬውኑ አቁሙ፤ ግን በአንዴ አታጥግቧት፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ፉርሽካ ብቻውን ምግብ አይደለም፤ ቅጠላ ቅጠልና የፕሮቲን ምንጭ ይፈልጋል። ወንድ ከሆነ በሕፃንነቱ ይኮላሽ። ሴትም ብትሆን ማምከን ይመከራል፤ አለበለዚያ በየ21 ቀኑ ትረበሻለች፣ ስታረጅም የማህፀን ዕጢ ያሰጋታል። አሳማን ማደንዘዝ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ለሰፈር ሰው አታሠሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። ሰኮናዋ ካልተሞረደ እግሯ ይጣመማል። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላት እንግዳ መግፋትና መንከስ ልትጀምር ትችላለች፤ ክፋት አይደለም፣ ደረጃዋን እየፈተሸች ነው። ሕፃን ልጅ ግን ለብቻው አብሯት አይሁን። የምትንከባከባትን ሠራተኛም በግልጽ ጠይቋት። ካልፈለገች ሥራው የእናንተ ነው።

ከመደወላችሁ በፊት ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከፊት እግሮቿ ጀርባ የደረቷን ዙሪያ ለኩ። ከዚያ ከሁለቱ ጆሮዎቿ መካከል እስከ ጭራዋ ሥር ርዝመቷን። ሁለቱንም በሜትር ጻፉት። ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በርዝመቱ፣ ከዚያ በ69.3። የሚወጣው ግምታዊ ኪሎዋ ነው። ምግብ እየበላች ብትለኩ ዝም ብላ ትቆማለች።